ጣና ዳር፣ ዓሣው በ8 ሰዓት የሚያልቅበት ቤት

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ የት ይበላል ለምትሉኝ ሁሉ መልሴን ላስቀድም። ከ8 ሰዓት በኋላ ስትደርሱ «አልቋል» ብሎ የሚመልሳችሁ ቤት ፈልጉ። ዛሬ የምጽፈው እንዲህ ስላለ አንድ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቷ አደራ ብለውኛል፤ ምክንያታቸውን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ቤቱ ከሐይቁ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያለው። ሐይቁ አይታይም። የቆርቆሮ ጥላ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ፣ በቃ ይኸው ነው። ነፋስ እየተቀበላችሁ፣ ፔሊካን እያያችሁ መብላት ከፈለጋችሁ ዳር ዳሩን ብዙ መዝናኛ አለ፤ እዚያ ሂዱ፣ አልቀየማችሁም። እዚህ የሚመጣ ሰው ሊበላ ነው የሚመጣው። ባጃጅ ነጂው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ገንዘብ አዋጥተው የመጡ ተማሪዎች፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ።

ሜኑው አጭር ነው። ሙሉ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ኮተሌት፣ ዱለት፣ ሾርባ። ሌላ የለም። ክትፎ የለም፣ ፒዛ የለም፣ በርገር የለም።

ሙሉ ጥብሱ የሚሠራው ከቆሮሶ (ቲላፒያ ከሚባለው ዓሣ) ነው። ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ የጋለ ዘይት ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ነው፤ በጣታችሁ ገፋ ስታደርጉት ከአጥንቱ እሺ ብሎ ይለቃል። ሎሚ ጨመቅ፣ ሚጥሚጣ ነስነስ፣ ከዚያ ወሬ የለም። ጉላሹ ቲማቲሙ በደንብ በስሎ ውኃው የሸሸ ነው፤ ዓሣው መጨረሻ ላይ ስለሚጨመር አይፈራርስም። ዱለቱ ላይ ቃሪያው በዛ ይላል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ግን ቀድሞ ይናገር። ሾርባው ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ብርድ የነካው ሰው ያንን ጠጥቶ ቢሄድ ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ ጣፋጭ ዓሣ ባሕር ዳር ላይ ብርቅ አይደለም። የኛ ችግር ሌላ ነው። አንድ ቀን በልታችሁ «ወይ ዓሣ!» ያላችሁበት ቤት፣ በሳምንቱ እንግዳ ይዛችሁ ስትሄዱ የሚሸት ነገር አምጥቶ ያሳፍራችኋል። እዚህ ቤት የገረመኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ማክሰኞ ሂዱ፣ እሑድ ሂዱ፣ ያው ነው። የባለሙያ እጅ ነው እንዳልል ጠባሿ ሴት ሄዳ ሌላ ስትተካም ጣዕሙ አልተነቃነቀም። እና ባለቤቷን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ምስጢሩ ምንድነው?»

«ምን ምስጢር አለው ልጄ። ና ግባና እይ።»

ገባሁ። ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ምክንያቱም ስለ ምግብ ቤት ስንጽፍ ሳህኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው የምንጽፈው፤ ሳህኑ ላይ የመጣው ግን ትናንት ማታ የተወሰነ ነገር ነው።

የጣና አስጋሪዎች መረባቸውን አመሻሽ ላይ ይጥላሉ፤ ንጋት ላይ ያወጣሉ። በደንገል ታንኳ የሚሠራ አለ፤ በሞተር ጀልባ የሚሠራ አለ። በሞተር ጀልባ እየተንቀሳቀሱ በመረብ ማስገር ሐይቁ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ታንኳው ግን አያት ቅድመ አያት የቀዘፉበት ነው። እትዬ ከሁለቱም ይገዛሉ። ማታ ስልክ ይደውላሉ፤ ለነገ ይሄን ያህል ኪሎ ይላሉ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ዓሣው በር ላይ ነው።

ከሁለቱም መግዛታቸው እንዲያው ደስ ስላላቸው አይደለም። ነፋስ ሲነሣ ታንኳው ይቀራል። ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ሞተሩ ይቆማል፤ ታንኳው ይወጣል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል። ክፍያው ወዲያው ነው፤ ዱቤ ብሎ ነገር የለም። አስጋሪ ደግሞ ሲነጋ ገንዘቡን የሚሰጠውን ሰው አይረሳም፤ ጥሩ ጥሩውን ለእሳቸው ያስቀርላቸዋል። ብዙ ምግብ ቤቶች አቅራቢን ለወር እያጉላሉ «ዓሣው ጥራት የለውም» ብለው ያማርራሉ። ጥራት ከየት ይምጣ? በዱቤ ለሚገዛ ሰው የሚደርሰው የተረፈው ነው።

ርክክቡን ቆሜ አየሁት። ዓሣውን አንድ በአንድ ያነሣሉ። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን በአውራ ጣታቸው ገልጠው ውስጡን ያያሉ፤ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ያልፋል፤ ወደ ቡናማ ከሄደ ይመለሳል። ዓይኑን ያያሉ፤ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ መሆን አለበት፤ ከጎደጎደና ከደፈረሰ አይሆንም። ከዚያ ጎኑን ጫን ያደርጉታል፤ ጣታቸው የቆመበት ቦታ ተመልሶ ከሞላ ትኩስ ነው፤ ጎድጉዶ ከቀረ አይደለም። ይሄ ሁሉ ለአንድ ዓሣ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነው የሚፈጅባቸው። እናንተም ዓሣ ስትገዙ ይቺን አትርሷት።

ቀጥሎ በረዶ ነው። የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አንድ ረድፍ በረዶ፣ አንድ ረድፍ ዓሣ፣ እንደገና በረዶ። ሣጥኑ ከሥሩ ተበስቷል፤ የቀለጠው ውኃ ዓሣውን እንዳይዘፈዝፈው። ሙቀት ባለበት አገር አንድ ኪሎ ዓሣ ለመያዝ አንድ ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል የሚባለውን እሳቸው ከማንም ሳይማሩ ደርሰውበታል፤ ሲያንስ እንደሚበላሽ አይተዋላ። ፍሪዘር አላቸው። ግን ዓሣ አያሳድሩበትም፤ በረዶ ነው የሚሠሩበት። መብራት ቢጠፋ በረዶው እስከ ምሳ ሰዓት ያደርሳቸዋል፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ የሚጠበቅ ዓሣ የለም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይሄ ትልቅ ብልሃት ነው።

አሁን ወደ ቢላው ልምጣ፤ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ስላለ። ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና ሆድቃው ሲወጣ የሚቀረው ንጹሕ ሥጋ ሲሶ ገደማ ነው። አዎ፣ ሲሶ። ስለዚህ ጉላሽ ከሙሉ ጥብስ ለምን ይወደዳል እያላችሁ ከአስተናጋጅ ጋር የምትጨቃጨቁ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። አንድ ኪሎ የጉላሽ ሥጋ ለማውጣት ሦስት ኪሎ ገደማ ዓሣ ተገዝቷል። ሌላውን ሁለት ሦስተኛ የሚጥል ቤት ወይ ዋጋ ይቆልላል ወይ ይከስራል።

የእትዬ ሜኑ አጭር የሆነው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ሳህን ላይ ልክ የሚመጣው መካከለኛ ዓሣ ሳይበለት ለሙሉ ጥብስ ይሄዳል። ትልልቁ ይበለታል። ወፍራሙ ሥጋ ለኮተሌት፣ ወደ ጭራው ያለው ቀጭኑ ለጉላሽ፣ ከአጥንቱ ላይ በማንኪያ የተፋቀው ለዱለት፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ። አምባዛ ሲገኝ ለጉላሽ ነው፤ ሥጋው ጠንከር ስለሚል ድስት ይችላል። አምስቱም ምግብ ከአንድ ግዢ ነው የሚወጣው። ሾርባው የረከሰበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ዋጋው ዓሣው ሲገዛ ተከፍሎ አልቋል። ሃያ ዓይነት ምግብ የሚዘረዝር ሜኑ ሳይ አሁን አሁን የሚታየኝ ሃያ ዓይነት የሚበላሽ ዕቃ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ግን ደብተራቸው ነው። የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ዘይት ጠጥቷል። በእስክሪብቶ ተሰምሯል። ቀን፤ የገባ ኪሎ፤ በየዓይነቱ የወጣ ሳህን፤ የተረፈ፤ ያለቀበት ሰዓት። ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ካርታ ጨዋታ ነጥብ ጭረት ጭረት አለ።

«ይሄ ጭረቱ ምንድነው እትዬ?»

«አልቋል ብዬ የመለስኳቸው ናቸው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች እንኳ በብዙ ኮምፒውተር የሚቸገሩበትን ነገር እኚህ ሴትዮ በጭረት ፈትተውታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ስድሳ ሳህን ቢኖራችሁና ስድሳውም ቢሸጥ፣ ደብተራችሁ ላይ የሚጻፈው ስድሳ ነው። ያ ቁጥር ግን የፈላጊውን ብዛት አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የነበራችሁን ነው። መቶ ሰው ፈልጎ አርባው ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ስልሳ አንድ ሰው ብቻም ሊሆን ይችላል። የተመለሰውን ያልቆጠረ ነጋዴ ነገም ስድሳ ያዝዛል፤ ከነገ ወዲያም ስድሳ፤ ገበያዬን አውቄዋለሁ እያለ። ያለቀበት ሰዓትም ለዚሁ ነው። በ6 ሰዓት ተኩል ያለቀና በ8 ሰዓት ያለቀ እኩል አይደሉም።

ከዚያ ደብተር ውስጥ የከተማው አመጋገብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ረቡዕና ዓርብ ይጨምራል። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ሌላ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቻለሁ፤ ገበያው ግን በጾም ይነሣል፤ ይሄ የታወቀ ነው። በጾም ዱለቱ ቅቤ አይነካውም፤ መጥበሻውም ድስቱም ይለያል። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ዶሮና ወደ በግ ይዞራል፤ ዓሣ የሚያስታውስ የለም። እትዬ በዚያ ሳምንት ትእዛዛቸውን ከግማሽ በታች ያወርዱታል፤ ሁለት ሠራተኞችም የዓመት ፈቃዳቸውን የሚወስዱት ያኔ ነው። እነሱም ቤተሰባቸው ጋ ይውላሉ፤ ቤቱም ሥራ ለሌለበት ቀን አይከፍልም። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ፣ ጥምቀት ሲመጣ፣ ከተማው ውስጥ ስብሰባ ሲበዛ፣ ሁሉም ከአምናው ተመዝግቦ አለ።

በክረምት ደግሞ ነጭ ዓሣ አይገዙም። ነጭ ዓሣ የምንላቸው የጣና ዘሮች ብዙዎቹ ከዚህ ሐይቅ ውጭ በየትም ዓለም የሉም። ከሐምሌ ጀምሮ ወንዝ ሲሞላ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ፤ አስጋሪው የወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ከጠበቃቸው እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ያልቃሉ። ቁጥራቸው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክፉኛ የወረደው በዚሁ ምክንያት ነው ይላሉ ያጠኑት ሰዎች። እትዬ ይሄን ሲያስረዱኝ አጥኚ አልጠቀሱም። «ዘንድሮ እናቲቱን ከበላናት ለከርሞ ምን እገዛለሁ?» አሉ። የአንድ ቀን ግዢ ብቻ የሚያይ ነጋዴ እንዲህ አይልም።

እሺ፣ እንግዲህ ጭረቱ ብዙ ከሆነ ለምን ጨመር አድርገው አይገዙም? እኔም ጠየቅኋቸው። ሒሳቡን በጣታቸው ሠሩልኝ። እኔ በምሳሌ ቁጥር ላስቀምጥላችሁ፤ የቤቱ ትክክለኛ ዋጋ አይደለም፤ ለመረዳት ያህል ነው። አንድ ሳህን ለማቅረብ 100 ብር ወጣ እንበል፤ የሚሸጠው በ150። አንድ ሳህን ጎድሎ ደንበኛ ቢመለስ የሚቀርባችሁ ትርፍ 50 ብር ነው። አንድ ሳህን ተርፎ ቢጣል ግን የወጣው 100 ብር እንዳለ ይሄዳል። መትረፉ ከመጉደሉ እጥፍ ያስከፍላል። ስለዚህ ልበኛ ሰው ሁልጊዜ ከአማካዩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያዝዛል። የሚያድር ሸቀጥ ቢሆን ኖሮ፣ ስኳር ወይም ሳሙና ቢሆን፣ ሒሳቡ ይገለበጥ ነበር፤ ዛሬ ያልተሸጠው ነገ ይሸጣላ። ዓሣ ግን ነገ የለውም።

በዚህ መሀል የሚገባው ክፉ ሐሳብ አለ። «የተረፈውን ላሳድረው፣ ነገ ቅመም ይሸፍነዋል።» እንግዳ ይዤ ሄጄ ያፈርኩበት ቤት ችግሩ ይሄ ነበር። ከማታው 2 ሰዓት ላይ ሜኑ ላይ ያለው ሁሉ «አለ» ነው። ጉላሽ? አለ። ኮተሌት? አለ። ሙሉ ጥብስ ለስድስት ሰው? አለ። ከዚያ ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ የመጣው ከፍሪዘር ወጥቶ በችኮላ የቀለጠ ዓሣ ነው፤ ውጪው ተቃጥሎ ውስጡ ውኃ፤ ጉላሹ በርበሬ ተጭኖበት ሽታው ግን ከሥር ብቅ ይላል። አስተናጋጁ ልጅ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ትሕትናው ያሳዝናል። ጥፋቱ ማታ ስልክ ሳይደወል፣ ደብተር ሳይያዝ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ ሳይታሰብ «ሁሉም ይኑር» ተብሎ የተወሰነው ውሳኔ ላይ ነው። ሁሉም እንዲኖር ከተፈለገ አንዱ ነገር የከረመ መሆኑ አይቀርም።

ካይዘን ካይዘን ሲባል ትሰማላችሁ፤ ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ ነው። ከጃፓን ጋር በተሠራ የሙከራ ፕሮጀክት ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል፤ ፋብሪካዎች ግድግዳ ላይ «አምስቱ ማዎች» ተለጥፈው አይቻለሁ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ። አንዳንዱ ጋ ወረቀቱ ብቻ ነው ያለው። እትዬ ጓዳ ወረቀት የለም፤ ግን ቢላው ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ምስማር ላይ ነው የሚነሣው፤ የሚበለትበት ጠረጴዛና ሰላጣ የሚከተፍበት ጠረጴዛ አይገናኙም፤ ዘይቱ የሚደፋበት ቀን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ተጽፏል። አዲሷ ጠባሽ ስትመጣ ያልተቸገረችው ለዚህ ነው። ዓሣው ተመዝኖ፣ ተተልትሎ፣ ጨው ተደርጎ ነው የሚደርሳት፤ የሷ ሥራ እሳቱን መጠበቅ ብቻ ነው። ምስጢሩ ተገኘ፤ ጣዕሙ አንድ ሰው እጅ ላይ አልተንጠለጠለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አለኝ፣ ያውም ትንሽ አይደለም።

መጥበሻው አንድ ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ሙሉ ጥብስ ያዘዘ ሰው ሆዱ ይጮኻል። መጥበሻው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት አምስት ዓሣ ነው፤ ከዚያ በላይ ከገባ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዓሣው ዘይት ይጠጣል። በቅርቡ አንድ አስተናጋጅ ጨምረዋል። ጥሩ ልጅ ነው፣ ፈጣን ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? ትእዛዙን ፈጥኖ ይቀበልና መጥበሻው ፊት ያለውን ሰልፍ ያስረዝመዋል። ያለ ሁለተኛ መጥበሻ አምስት አስተናጋጅ ቢቀጠር እኛ የምንቆየው ያንኑ ያህል ነው። ይሄን ነግሬያቸዋለሁ። «ሁለተኛ ምድጃ የት ላስቀምጠው?» አሉ። ቦታው በእርግጥ ጠባብ ነው። እኔ ግን የእጅ መታጠቢያው ጀርባ ያለውን ጥግ አሳይቻቸዋለሁ፤ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ነው የሞላበት። እስካሁን ሣጥኑ እዚያው አለ።

ሁለተኛው እንጀራ ነው። ዓሣው ላይ እንዲያ የተጠነቀቁ ሰው እንጀራውን ከአንዲት ጎረቤት ብቻ ነው የሚያስመጡት። እንጀራው ጥሩ ነው፤ ዓይኑ የበዛ፣ ልስልስ ያለ። መብራት ሲጠፋ ግን ምጣዱ ይቆማል፤ እንጀራው በ7 ሰዓት ይደርሳል፤ ጉላሹ በዳቦ ይቀርባል። ለዓሣው ሁለት አቅራቢ የያዘ ቤት ለእንጀራው ለምን አንድ? በእንጨት የምትጋግር አንዲት ሌላ ሴት ብትጨመር ነገሩ ያበቃል። ዓሣውን ያህል ትኩረት እንጀራውም ይገባዋል፤ ለኛ እንጀራ ተጨማሪ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ሂሳብ ነው። ትእዛዝ የሚጻፈው ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቷ ትጠፋለች፤ ከዚያ «ምን ነበር የበላችሁት?» ይመጣል። በቴሌብር መክፈል ይቻላል፣ ኔትወርክ ካለ። ዝርዝር ገንዘብ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

ዋጋው መካከለኛ ነው። ከመንገድ ዳር ቤቶች ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከሐይቅ ዳሮቹ ግን በደንብ ይወርዳል። ቁጥር ያልጻፍኩት ዓሣ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ነው፤ እሳቸውም የዕለቱን ዋጋ ጠዋት በር ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ የሚከራከር የለም።

ስሙን ያልጻፍኩበት ምክንያት ይኸውና። እንደምጽፍ ስነግራቸው ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ተው ልጄ፣ ቅዳሜ የማበላው ያለኝን ሰው ነው። ሌላ መቶ ሰው ብትልክብኝ ወይ እሱን እመልሳለሁ ወይ የጥንቱን ደንበኛዬን አስከፋለሁ፤ አለዚያም ያላየሁትን ዓሣ መግዛት እጀምራለሁ» አሉኝ። እኔ በበኩሌ ቢሰፉ ደስ ይለኛል፤ ሁለተኛ መጥበሻና ሁለተኛ እንጀራ ጋጋሪ ካገኙ ከዚህ በላይ ሰው ማስተናገድ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ግን መጀመሪያ አቅሙ፣ ከዚያ ማስታወቂያው ማለታቸው ልክ ነው። በፌስቡክ ማስታወቂያ ሰው አጥለቅልቀው፣ ጓዳቸው ሳይችለው ቀርቶ በሁለት ወር ስማቸው የጠፋ ቤቶች እዚሁ ከተማ አይተናል።

ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ከገለጻው ይለየዋል። ከገባችሁ በ6 ሰዓት ግቡ፤ ሰልፉ ሳይጀምር። ከተቻለ ሙሉ ጥብስ አዝዛችሁ እስኪደርስ በሾርባ ጠብቁ። ለብዙ ሰው ከሆነ በዋዜማው ማታ ሳይደወል በፊት ለእትዬ ንገሯቸው፤ ኪሎው ላይ ይጨምሩላችኋል። ቡና ከፈለጋችሁ ማዶ ያለችው ልጅ ጋ የዘጌ ቡና አለ፤ እሷም እስከ 9 ሰዓት ነው የምትቆየው።